አይዳ ታርቤል፦ ታላቁን ኩባንያ በሰነድ የሞገተች ሴት



ሀብቱና ጉልበቱ ከመንግሥት የማይተናነስ ኩባንያ ሰው ሲበድል ማን ይጠይቀዋል? ዳኛ የሚፈርደው የቀረበለትን አይቶ ነው። ሕግ አውጪው የሚነሣው ሕዝብ ሲጠይቅ ነው። የተበደለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነውና ወይ ይፈራል፣ ወይ በእጁ ማስረጃ የለውም። ሌላውም እንደሱ መበደሉን ስለማያውቅ ጥፋቱን የራሱ ዕድል አድርጎ ይቀበላል።

አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ አይዳ ታርቤል የገባችው በዚህ ክፍተት ነው። በዘመኑ ከዓለም ባለጸጎች ቀዳሚ የሆነው ሰው የመሠረተውን የነዳጅ ኩባንያ ስትመረምር ሥልጣን አልነበራትም፤ ሀብት አልነበራትም፤ ሴት በመሆኗ በምትኖርበት ግዛት ድምፅ የመስጠት መብት እንኳ አልነበራትም። የነበራት ትዕግሥት፣ ብዕርና ጽሑፏን ለማተም የደፈረ መጽሔት ነው። በዚህ እትም ሕይወቷን በአጭሩ እናያለን። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዘይት መንደር ልጅ

አይዳ በኖቬምበር 5 ቀን 1857 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ገጠር፣ በእናቷ አባት የግንድ ቤት ተወለደች። እናቷም አባቷም በመምህርነት የሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ አባቷ ፍራንክሊን ታርቤል የእንጨት ሥራም ይችል ነበር። አይዳ ገና ሕፃን ሳለች፣ በ1859፣ ኤድዊን ድሬክ የተባለ ሰው በአቅራቢያው ባለችው በቲተስቪል ጉድጓድ ቆፍሮ ከመሬት ውስጥ ነዳጅ አወጣ። ያ ዘይት ሲጣራ እኛ ላምባ የምንለው፣ ስንቱን ኩራዝና ፋኖስ ያበራው ነጭ ጋዝ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ላምባ ማለት ብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ ሁሉም ይገዛዋል።

ሰው ሁሉ ወደዚያ አካባቢ ጎረፈ። ዘይቱ ከጉድጓድ እየፈለቀ ማስቀመጫ ሲጠፋ ፍራንክሊን ታርቤል በእጅ ሙያው ትልልቅ የእንጨት ማጠራቀሚያ ጋኖች እየሠራ ይሸጥ ጀመር። ኑሮው ተሻሻለ። ቤተሰቡ ቲተስቪል ገብቶ ደህና ቤት ሠራ። አይዳ ያደገችው በዘይት ሽታና በጭቃ መካከል፣ ግን ጎረቤት ሁሉ ነገ ከዛሬ ይሻላል ብሎ በሚያምንበት መንደር ነው።

በስውር የተዋዋሉት የጭነት ዋጋ

በ1872 መጀመሪያ፣ አይዳ 14 ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ነገር ፈነዳ። ሦስት ታላላቅ የባቡር ኩባንያዎችና ጥቂት የማጣሪያ ባለቤቶች ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት ኩባንያ በሚል ስም በስውር ተዋውለው ነበር። ከማጣሪያ ባለቤቶቹ አንዱ የክሊቭላንዱ ጆን ዲ. ሮክፌለር፣ የስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ መሪ ነው።

ውሉ እንዲህ ይሠራል። ከጉድጓዶቹ እስከ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ለማጓጓዝ ማንኛውም ሰው 80 ሳንቲም ይከፍላል። የውሉ አባላት ግን ከዚህ ላይ 40 ሳንቲም በስውር ይመለስላቸዋል። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ተፎካካሪዎቻቸው ከሚከፍሉት 80 ሳንቲም ላይ 40ው ለእነዚሁ አባላት ይሰጣል። ወደ ገበያችን እናምጣውና፦ ሁለት ሴቶች እኩል እህል በአንድ መኪና ጭነው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። አንዷ ሙሉ ሂሳብ ትከፍላለች። ሌላዋ ግማሽ ከፍላ፣ ከባልንጀራዋ ኪስ ከወጣው ገንዘብም ግማሹን ትቀበላለች። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያዋ ነጋዴ የቱንም ያህል ብትተጋ አታተርፍም። ለምን እንደከሰረችም አታውቅም።

የዘይት አምራቾቹ ምስጢሩ ሲወጣ በቲተስቪል ተሰበሰቡ፤ ለውሉ አባላት ዘይት አንሸጥም ብለው አደሙ። ከአዳሚዎቹ አንዱ የአይዳ አባት ነው። ድር ቢያብር እንደሚባለው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የባቡር ኩባንያዎቹ ውሉን ሰረዙ፤ የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤትም የኩባንያውን ፈቃድ ነጠቀ። ሆኖም በእነዚያው ሳምንታት ሮክፌለር በክሊቭላንድ ከነበሩት 26 ማጣሪያዎች 22ቱን በእጁ አስገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስውሩ ቅናሽ በሌላ መልክ ቀጠለ፤ በ1880 አካባቢ ስታንዳርድ ኦይል ከአገሪቱ የነዳጅ ማጣራት ሥራ 90 በመቶ ያህሉን ይዞ ነበር። የአይዳ አባት ለኩባንያው አልገብርም ካሉት ወገን ሆኖ ቀረ። ዋጋውንም ከፈለ። የንግድ ሸሪኩ በኪሣራ ምክንያት ራሱን አጠፋ፤ እሱም ቤቱን ዕዳ እስከ ማስያዝ ደረሰ።

ከመምህርነት ወደ መጽሔት

አይዳ በ1876 አሌጌኒ ኮሌጅ ስትገባ በዚያ ዓመት ከገቡት ተማሪዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። በ1880 ተመርቃ ሁለት ዓመት አስተማረች፤ ቀጥሎ ቻታኳን በተባለ መጽሔት ተቀጠረች። እዚያ እርማቱንም፣ አርትዖቱንም፣ የማተሚያ ቤቱንም ሥራ ተማረች።

ከዚያ ዘመን ሥራዎቿ አንዱ በተለይ ለእኛ ይነገራል። ሴቶች የፈጠራ ችሎታ የላቸውም የሚል ወሬ በሰፊው ይነገር ነበር፤ በሴቶች ስም የተመዘገበው የፈጠራ ፈቃድም ጥቂት መቶ ብቻ ነው ይባል ነበር። አይዳ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ዋሽንግተን ወደሚገኘው የፈጠራ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሄዳ መዝገቡን አየች። ቁጥሩ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሆኖ አገኘችው፤ ይህንንም በ1887 አሳተመች። ወሬን በወሬ ከመመለስ መዝገብ መግለጥ እንደሚሻል ያኔውኑ የገባት ይመስላል።

በ1891 ሥራዋን ለቃ፣ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይዛ ፓሪስ ሄደች። ለአሜሪካ ጋዜጦች እየጻፈች በምታገኘው ኖረች፤ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ስለነበረችው ስለ ማዳም ሮላንድም ምርምር አደረገች። በዚያ ሳለች ሳሙኤል ማክሉር የተባለ አሳታሚ ጽሑፎቿን አይቶ በ1894 ኒው ዮርክ በሚታተመው መጽሔቱ ቀጠራት። ስለ ናፖሊዮንና ስለ አብርሃም ሊንከን የጻፈቻቸው ተከታታይ ታሪኮች የማክሉር መጽሔትን ሥርጭት ከ300,000 ቅጂ በላይ እንዲደርስ ረዱት።

ምርመራው

በ1901 መጽሔቱ ስለ ታላላቅ ኩባንያዎች ለመጻፍ ሲያስብ ዕጣው ስታንዳርድ ኦይል ላይ ወደቀ። አይዳ ጉዳዩን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። አባቷ ግን ለመናት፤ ይህን ሥራ ከያዝሽ መጽሔቱን ያጠፉታል ብሎ አስጠነቀቃት። የደረሰበትን የሚያውቅ ሰው ፍርሃት ነው። እሷ ጀመረች።

የአሠራሯ መሠረት በጣም ቀላል ነው። ኩባንያው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በብዙ ፍርድ ቤቶችና በምክር ቤት ኮሚቴዎች ፊት ቀርቦ ያውቃል። ኃላፊዎቹ በመሐላ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ውሎች በማስረጃነት ተያይዘዋል። ይህ ሁሉ ወረቀት በየከተማው መዝገብ ቤት ተበታትኖ አቧራ ለብሷል። ማንም በአንድ ላይ አንብቦት አያውቅም። አይዳ ከጆን ሲዳል ጋር፣ እሱም በክሊቭላንድ የቀጠረችው ወጣት ረዳቷ ነው፣ እነዚያን ወረቀቶች አንድ በአንድ ማሰባሰብ ጀመረች። የ1872ቱን ስውር ውል የሚዘረዝር አንድ ጥራዝ ግን ጠፋ፤ ኩባንያው ቅጂዎቹን ለቃቅሞ አጥፍቷቸዋል ይባል ነበር። በመጨረሻ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ተገኘ።

የሌላውንም ወገን ቃል ፈለገች። በደራሲው በማርክ ትዌይን በኩል ከስታንዳርድ ኦይል ዋና ኃላፊዎች አንዱ ከሆነው ከሄንሪ ሮጀርስ ጋር ተገናኘች። ከ1902 መጀመሪያ አንሥቶ ለሁለት ዓመት ያህል፣ ብዙ ጊዜም በኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ እየሄደች ያገኘችውን ጉዳይ ታቀርብለት፣ መልሱንም ትሰማ ነበር። ተስማምተው የጀመሩት ግን በአንድ ነገር ነው፦ የሚጻፈውን የምትወስነው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ጽሑፍ በኖቬምበር 1902 ወጣ። በሦስት ክፍል ያልቃል ተብሎ የታሰበው ሥራ አንባቢው እየጠየቀ 19 ክፍል ደረሰ፤ እስከ ኦክቶበር 1904 ቀጠለ፤ በዚያው ዓመት በሁለት ቅጽ ታትሞ መጽሐፍ ሆነ።

ወረቀት እንዲያቃጥል የታዘዘው ልጅ

ትንንሽ የላምባ ነጋዴዎች ለብዙ ዓመት አንድ አቤቱታ ነበራቸው፦ ለማን እንደላክን፣ ስንት በርሜል እንደላክን ኩባንያው ያውቃል፤ ደንበኛችንን ቀድሞ ያገኘዋል፤ ዋጋ ሰብሮ ያስከስረናል። ሮጀርስ ግን ኩባንያው እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም ብሎ ክዶ ነበር።

በኩባንያው አንድ ቢሮ ውስጥ አሮጌ ወረቀት በየወሩ እንዲያቃጥል የታዘዘ ወጣት ነበር። አንድ ቀን በሚያቃጥለው ወረቀት ላይ የሚያውቀውን ሰው ስም አየ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ ነው። መምህሩ በግሉ ላምባ የሚነግድ ሰው ነበር። ልጁ ወረቀቶቹን ሲያገጣጥም የመምህሩ ጭነት መቼ፣ በየት በኩል፣ ለማን እንደሄደ የሚናገር ዝርዝር ሆኖ አገኘው፤ መረጃው ከባቡር ጣቢያ ጸሐፊዎች ለኩባንያው የተላለፈ ነው። ወረቀቶቹን ለመምህሩ ሰጠ፤ በመጨረሻም አይዳ እጅ ገቡ።

አይዳ ሰነዱን በ1904 መጀመሪያ አወጣችው፤ የሚመለከታቸውን ሰዎች ስም ግን ደበቀች። ሮጀርስ ተቆጣ፤ ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። አልነገረችውም። ከዚያን ቀን በኋላ በሩ ተዘጋባት። እሷ አንድ ትልቅ የመረጃ ምንጭ አጣች፤ ያ ልጅ ግን ስሙ ሳይታወቅ በሰላም ኖረ። ጋዜጠኛ የደካማውን አደራ ካልጠበቀ ነገ ማንም ወረቀት ይዞ አይመጣም።

ጫናው

ሮክፌለር በአደባባይ አንድም ቃል አልመለሰላትም። ዝምታም ጉልበተኛ የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው፤ የሚናገረውን ሰው ትንሽ ያስመስለዋል። በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ደግሞ የአንድ ትልቅ ባንክ ኃላፊ አይዳን ወደ ጎን ወስዶ፣ ሥራው ለመጽሔቱ የገንዘብ አቅም መልካም እንዳልሆነ በዘወርዋራ ነገራት። ማስፈራሪያ ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም፤ በምክር መልክም ይመጣል። እሷ ማዘኗን ገልጻ፣ ይህ ግን በሥራዋ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ መለሰችለት።

ጋዜጣ ራሱ ሊገዛ እንደሚችልም ጽሑፏ አሳይቷል። በኦሃዮ ግዛት በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት አማካይነት ለብዙ ጋዜጦች እየተከፈለ፣ ኩባንያውን የሚያወድስ ጽሑፍ ዜና መስሎ ይወጣ ነበር። አንባቢው ማስታወቂያ እያነበበ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ጋዜጣ የኃያላን ልጓም የሚሆነው ስሙ ጋዜጣ ስለተባለ አይደለም፤ ማን እንደሚከፍለው ሲታወቅና ያለ ማስረጃ ሳይናገር ሲቀር ነው።

የተገኘው ውጤት

አይዳ ኩባንያውን አላፈረሰችውም፤ ያንን ማድረግ የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም። ግን ጉዳዩን በየቤቱ አስገባችው። በ1906 የፌዴራል መንግሥት የራሱን ምርመራ አካሂዶ ስለ ስውር የጭነት ቅናሽ ሪፖርት አወጣ፤ በዚያው ዓመት በባቡር ታሪፍ ላይ ቁጥጥር የሚያጠብቅ ሕግ ወጣ፤ በኖቬምበርም ንግድን ለብቻ መቆጣጠርን በሚከለክለው በ1890 ሕግ መሠረት ስታንዳርድ ኦይል ተከሰሰ። ሕጉ 16 ዓመት ሙሉ ነበረ። በሜይ 15 ቀን 1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኩባንያው እንዲከፋፈል ወሰነ፤ በ34 ኩባንያዎች ተከፈለ። ዛሬ ኤክሶን ሞቢልና ሼቭሮን የምንላቸው ከእነዚያ ልጆች የመጡ ናቸው።

ከውሳኔው በኋላ የእነዚያ ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ ጨመረና ሮክፌለር የበለጠ ባለጸጋ ሆነ። የአይዳም አባት ውሳኔውን ሳያይ አልፏል። የጠፋው ማጣሪያ ለባለቤቱ አልተመለሰም። ሆኖም በስውር የሚደረግ ልዩ ቅናሽ ንግድ እንጂ ወንጀል አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው መቆም አልቻለም።

እሷንም በሚዛን

አይዳን እንደ ቅዱስ ማየት አይገባንም፤ እሷ ራሷ ለሌሎች የተጠቀመችበት ሚዛን አለ። ወንድሟ የስታንዳርድ ተፎካካሪ በሆነ ኩባንያ ውስጥ ኃላፊ ነበር፤ አባቷም የተጎዳ ሰው ነው። ተቺዎቿ ይህን በማንሣታቸው አልተሳሳቱም። የክሊቭላንድ ነጋዴ የነበረችውን የወይዘሮ ባከስን ታሪክ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ፋብሪካዋን በርካሽ እንድትሸጥ ተገደደች ብላ አቅርባዋለች፤ በኋላ የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ዋጋው ያን ያህል ኢፍትሐዊ እንዳልነበረ ጽፈዋል። በ1905 ስለ ሮክፌለር ጠባይ በጻፈችው ጽሑፍም በሕመም ፀጉሩ ያለቀውን ሰው በመልኩ እስከ መንቀፍ ደረሰች። ያ ከሰነድ መንገዷ የወጣችበት ቦታ ነው፤ ሥራዋንም አላጠነከረላትም።

በሌላ በኩል የኩባንያውን ሥርዓትና የሥራ ጥራት የምታደንቅበት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፋለች። ኩባንያው ትልቅ መሆኑን አልጠላችም፤ ትልቅ የሆነበትን ስውር መንገድ ነው የነቀፈችው። ይህን በመለየቷ የማይወዷት እንኳ እንዲያነቧት አደረገች።

ለእኛ ለሴቶች የሚከብደው ሌላው ነው። አይዳ ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት እንዲያገኙ የሚደረገውን ትግል አልደገፈችም፤ በ1912 ባሳተመችው መጽሐፍም የሴት ዋና ቦታ ቤቷ እንደሆነ ሞገተች። እሷ ግን አላገባችም፤ በብዕሯ ራሷን አስተዳደረች፤ ቤተሰቧንም ረዳች። ሕይወቷና አስተያየቷ አልተገናኙም። በዚህ ነገር ከቃሏ ይልቅ ኑሮዋን ብንከተል ይሻለናል።

አይዳ እስከ እርጅናዋ ድረስ ሠራች፤ እጇን የሚያንቀጠቅጥ የፓርኪንሰን በሽታ ይዟት እንኳ መጻፍ አልተወችም። በ1939 የራሷን የሕይወት ታሪክ አሳተመች፤ በጃንዋሪ 6 ቀን 1944 በ86 ዓመቷ በኮኔቲከት ግዛት አረፈች። የተቀበረችው ባደገችባት በቲተስቪል ነው።

ለእኛስ

እህቶች፣ ሁላችንም ጋዜጠኛ አንሆንም። ግን ከአይዳ ሕይወት በቀጥታ ወደ ቤታችን የሚገባ ነገር አለ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ትልቅ ድርጅት ትንሽ ሰውን ሲገፋ ዋና መተማመኛው የሰውየው ወረቀት አለመያዝና ከሌላው ጋር አለመነጋገር ነው። ደረሰኝ ይቀመጥ። ውል ሳይነበብ አይፈረም። ያለ ምክንያት የተቆረጠ ክፍያ፣ የተጨመረ ታሪፍ፣ በቃል የተሰጠ ተስፋ ከነቀኑ ይጻፍ። ከዚያም ለብቻ ከመቆዘም ወደ ማኅበሩ ይምጣ፤ የአንዷ ወረቀት ከሌላዋ ጋር ሲቀመጥ አንድ ሰው ያላየው መልክ ይታያል። ጋዜጠኛም ቢሆን የሚረዳን የሚይዘው ነገር ስንሰጠው ነው።

ይህ መልካም ነገር ወደ ራሳችንም ይዞራል። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ መዝገቡን በአባላት ፊት ስታነብ፣ ለደጋፊዎቻችንም የወጣው ብር በምን ላይ እንደዋለ ስንጽፍ፣ ከትልቁ ኩባንያ የምንጠብቀውን ከራሳችን እንጀምራለን ማለት ነው። ሌላውን ግልጽ ሁን የምትል ማኅበር የራሷ መዝገብ የተከፈተ መሆን አለበት።

መልካም ንባብ፤ መልካም ሥራ።